የወራሽነት ማረጋገጫ ለማውጣት ፍርድ ቤት ከመሄድዎ በፊት (የማብራሪያ ቪዲዮ ጽሑፍ)

[ምስል፦ የመዝገብ ቤት መስኮት፣ ፋይል የያዙ ባለጉዳዮች]

ተራኪ፦ አባት ወይም እናት ሲያርፉ ባንኩ በሟች ሂሳብ ያለውን ገንዘብ ዝም ብሎ አይለቅም። የይዞታ ጽሕፈት ቤቱም ካርታውን ወደ ልጆች ስም አያዞርም። ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ወረቀት ነው፤ ከፍርድ ቤት የሚሰጥ የወራሽነት ማረጋገጫ። ተከራካሪ ከሌለ ጉዳዩ ቀላል ነው። ብዙ ሰው የሚመላለሰው ሕጉ ከብዶት ሳይሆን፣ ይዞት የመጣው ማስረጃ እርስ በርሱ ስለማይስማማ ነው።

[ጽሑፍ በስክሪን፦ የት ነው የሚቀርበው?]

ተራኪ፦ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ውርስ የሚከፈተው ሟች በሞቱበት ጊዜ ዋና መኖሪያቸው በነበረው ቦታ ነው። ቤቱ አዳማ ቢሆንም ሟች የኖሩት አዲስ አበባ ከሆነ ማመልከቻው የሚቀርበው አዲስ አበባ ነው። እዚህ ላይ ባለጉዳይ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። አዲስ አበባ ውስጥ ማረጋገጫውን የሚሰጠው የፌዴራሉ ሳይሆን የከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ ሥልጣኑን ያገኘው በአዋጅ ቁጥር 361/1995 እና ይህንን ባሻሻለው በአዋጅ ቁጥር 408/1996 ነው። ውርሱ ላይ ክርክር ካለ፣ ማለትም «ድርሻዬ ተወሰደ» ወይም «ኑዛዜው ይፍረስ» የሚባል ከሆነ ግን ጉዳዩ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ክልል ላይ ያሉ ባለጉዳዮች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከወረዳ ፍርድ ቤት ነው።

ሟች ሙስሊም ከነበሩና ባለጉዳዮቹ በግልጽ ከተስማሙ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም ጉዳዩን ማየት ይችላል፤ በፌዴራል ደረጃ ይህ የተደነገገው በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ነው። እዚያ ድርሻው የሚሰላው በሸሪዓ ሕግ ስለሆነ፣ ከመስማማትዎ በፊት ከወንድም ከእህቶችዎ ጋር ይነጋገሩ።

[ጽሑፍ በስክሪን፦ ወራሽ ማነው?]

ተራኪ፦ ማመልከቻ ከመጻፉ በፊት ይህን መለየት ያስፈልጋል። ኑዛዜ ከሌለ የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ ሁሉም እኩል ይካፈላሉ። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅና የጉዲፈቻ ልጅም እንደዚያው ናቸው። ከልጆቹ አንዱ ከወላጁ ቀድሞ ከሞተ የእሱ ልጆች በእሱ ቦታ ይተካሉ። ለምሳሌ ሟች 3 ልጆች ነበሯቸው፤ አንዱ ቀድሞ ሲሞት 2 ልጆች ትቷል። በሕይወት ያሉት ሁለቱ 1/3፣ 1/3 ይወስዳሉ፤ የልጅ ልጆቹ ደግሞ የአባታቸውን 1/3 ለሁለት ተካፍለው 1/6፣ 1/6 ይደርሳቸዋል። ሟች ተወላጅ ከሌላቸው ውርሱ ወደ እናትና አባት ይሄዳል፤ ከሁለቱ አንዱ ከሞቱ በእሳቸው በኩል የተወለዱት የሟች ወንድሞችና እህቶች በቦታቸው ይተካሉ።

ባል ወይም ሚስትስ? ብዙዎችን የሚያስደነግጠው መልስ ይኸውና፦ ኑዛዜ ከሌለ የትዳር ጓደኛ ወራሽ አይደለም። ሚስት የጋራ ንብረቱን ግማሽ የምትወስደው ድርሻዋ ስለሆነ እንጂ ስለወረሰች አይደለም። ለውርስ የሚቀርበው የሟች ግማሽ ብቻ ነው። በጋራ የተሠራ አንድ ቤትና 4 ልጆች ካሉ እናት ግማሹን፣ እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 1/8 ይይዛል ማለት ነው። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩም ኑሯቸው ከ3 ዓመት ካላነሰ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል፤ ይህ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ተደንግጓል። ስለዚህ እናት «የባለቤቴ ወራሽ ልባል» ብለው ቢያመለክቱ ውድቅ ይሆንባቸዋል። ለራሳቸው ሳይሆን ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት ልጆቻቸው፣ እንደ አሳዳሪና ሞግዚት ሆነው ማመልከት ግን ይችላሉ።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ በየተራ የሚደረደሩ ሰነዶች]

ተራኪ፦ አሁን ወደ ፋይሉ። መጀመሪያ የሞት የምስክር ወረቀት። ይህ የሚወጣው ከሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የሐኪም ቤት ማስረጃ ወይም የቀብር ማስረጃ ለምዝገባው ይረዳል እንጂ አይተካውም። ሰው ከጠፋና ወሬው ከተቋረጠ ደግሞ ወረቀቱ አይሰጥም፤ ወሬው ከጠፋ ቢያንስ 2 ዓመት ሲሞላ በመጥፋት ውሳኔ ነው የሚጀመረው።

ቀጥሎ ዝምድናን የሚያሳይ ማስረጃ፦ የልደት የምስክር ወረቀት። ድሮ የተወለደ ሰው ይህ ላይኖረው ይችላል፤ ያኔ ሟች እንደ ልጃቸው ያሳደጉት መሆኑ፣ በአካባቢውም እንደ ልጅ የሚታወቅ መሆኑ በምስክር ይረጋገጣል። የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የሟች የሥራ ቦታ የቤተሰብ ቅጽ፣ የቀበሌ የቤተሰብ ዝርዝር እዚህ ላይ ጠቃሚ ናቸው። ከዚያ የአመልካቾች መታወቂያ፣ ኑዛዜ ካለ ዋናው ኑዛዜ፣ የሁሉም ኮፒ። ዋናዎቹን ቤት አስቀምጠው አይሂዱ፤ ኮፒው ከዋናው ጋር ይመሳከራል።

ኑዛዜውን ሳያሳዩ ማመልከት የሚመጣ ጣጣ አለው፤ በኋላ የወጣ ኑዛዜ ማረጋገጫውን ሊያሰርዘው ይችላል። በጽሑፍ ተደርጎ የተነበበ ግልጽ ኑዛዜ 4 ምስክር እንደሚያስፈልገው፣ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ግን 2 እንደሚበቁ አስቀድመው ይመልከቱ።

[ምስል፦ ሁለት መታወቂያዎች ጎን ለጎን፣ የስም ልዩነቱ ተከቦ]

ተራኪ፦ አሁን ዋናውን እንቅፋት እንይ፤ ስም። ካርታው ላይ «ኃይለማርያም ገብሬ»፣ የሞት ወረቀቱ ላይ «ሀይለ ማሪያም ገብረ መድህን»፣ የባንክ ደብተሩ ላይ ደግሞ የቤት ስም ወይም የክርስትና ስም። የፊደል ልዩነት ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያልፋል። የአያት ስም ከተለያየ ወይም ስሙ ጭራሽ ሌላ ከሆነ ግን ባለሥልጣኑ «እኒህ አንድ ሰው ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ከፍርድ ቤት በኋላ ባንክ ላይ ሆኖ ከመስማት አስቀድሞ መፍታት ይሻላል። በማመልከቻው ላይ «… ተብለውም የሚጠሩ» ብለው ሁሉንም ስሞች ይግለጹ፣ ምስክሮቹም ይህንኑ ይናገሩ። ማረጋገጫው ሁለቱንም ስም ይዞ ከወጣ ባንኩም ቢሮውም ይቀበሉታል። የሞት ወረቀቱ ላይ ያለው ስህተት የመዝጋቢው ከሆነ እዚያው ይታረም፤ ፍርድ ቤት ጉዳዩን እስኪያይ አይጠብቁ።

[ጽሑፍ በስክሪን፦ ማመልከቻው]

ተራኪ፦ በፍርድ ቤቱ አካባቢ ያሉ ራፖር ጸሐፊዎች ይጽፉታል፤ ራስዎም መጻፍ ይችላሉ። የአመልካችን ስምና አድራሻ፣ ሟች የሞቱበትን ቀንና ቦታ፣ ዝምድናውን፣ ሌሎች ወራሾች መኖር አለመኖራቸውን፣ ኑዛዜ መኖር አለመኖሩን ይገልጻል። በመጨረሻ የሚጠየቀው ዳኝነት ይጻፋል፤ ከሥር በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት እውነት ስለመሆኑ ይረጋገጣል፣ ይፈረማል። የማስረጃ ዝርዝሩ የሚያያዘው በቁጥር 223 መሠረት ነው፤ በውስጡ ሰነዶቹና የምስክሮቹ ስም ይዘረዘራሉ። የዳኝነት ክፍያውን የሚነግርዎ መዝገብ ቤቱ ነው። ደረሰኙን ያስቀምጡ፣ የመዝገብ ቁጥሩን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

አንድ ወንድም ወይም እህት መደበቅ አይሞከር። ማረጋገጫው ፍጹም አይደለም፤ ያልተጠራው ወራሽ ተቃውሞ ቀርቦ ሊያሰርዘው ይችላል። ያንጊዜ ቤቱን የገዛው ሰውም ወደ ክርክር ይገባል፤ ሐሰተኛ ቃል የሰጠ ምስክርም በወንጀል ይጠየቃል። ሁሉም ወራሾች 1ኛ አመልካች፣ 2ኛ አመልካች እየተባሉ በአንድ ማመልከቻ ቢቀርቡ ወጪውም ጊዜውም ይቀንሳል።

ውጭ አገር ያለ ወራሽ ውክልና መላክ ይችላል። በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የተረጋገጠው ውክልና አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይረጋገጣል። በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ በሕጋዊ ተርጓሚ ወደ አማርኛ ይመለስ። ተወካዩ ወንድም፣ እህት፣ ወላጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ቢሆን ይመረጣል፤ ጓደኛ ወይም የሩቅ ዘመድ ከሆነ ችሎት ላይ መቆም ሊከለከል ይችላል፣ ያኔ ጠበቃ ያስፈልጋል።

[ምስል፦ የችሎት አዳራሽ፣ ምስክር ቃል ሲሰጥ]

ተራኪ፦ ምስክሮች ቢያንስ 2 ይሁኑ፤ 3 ቢሆኑ አይከፋም። የእድር ሰው ወይም የድሮ ጎረቤት ይመረጣል። ወራሽ የሆነ ሰው ለራሱ ጉዳይ ምስክር አይሆንም። ዳኛው የሚጠይቁት እነዚህን ነው፦ ሟች መቼና የት ሞቱ? ስንት ልጅ ነበራቸው? ከሌላ የወለዱት አለ? ወላጆቻቸው በሕይወት አሉ? ኑዛዜ ትተዋል? «ስንት ልጅ ነበራቸው» ሲባል የሞተውን ልጅ ረስቶ መቁጠር የተለመደ ስህተት ነው። ምስክሩን ማስጠናት ሳይሆን እውነተኛውን የቤተሰብ ዝርዝር አስታውሶ እንዲመጣ መንገር ይበቃል። መታወቂያም ይያዝ።

ችሎቱ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ማስታወቂያ እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል፤ ያኔ ክፍያው የአመልካች ነው፣ የወጣበትን ጋዜጣ ዋናውን ይዘው ይመለሱ። ለቀጠሮ ጠዋት 2:30 ከመሆኑ በፊት ይድረሱ። አርብ የምሳ እረፍቱ ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሆነ ለመዝገብ ቤት ጉዳይ አርብን አይምረጡ። በክረምት ፍርድ ቤቶች በከፊል ስለሚዘጉ ከነሐሴ በፊት መዝገብ ቢከፍቱ ይሻላል።

[ጽሑፍ በስክሪን፦ ማረጋገጫው የማያደርገው]

ተራኪ፦ ወረቀቱ ወራሽ መሆንዎን ያረጋግጣል እንጂ ቤቱ የሟች መሆኑን አይወስንም። ማመልከቻው ላይ የንብረት ዝርዝር መደርደር ከዚህ አያልፍም፤ ሌላ ሰው «የእኔ ነው» ካለ ክርክሩ ራሱን የቻለ ነው። የቀበሌ ቤት ኪራይ እንደ ንብረት በውርስ አይተላለፍም። የጡረታ አበልም የውርስ አካል አይደለም፤ በጡረታ ሕጉ ለተተኪዎች ይከፈላል፣ ስለዚህ ወራሽ ያልሆነችው ሚስት እዚያ መብት አላት። የሕይወት መድን ካለ ተጠቃሚ የተሰየመለት ይወስደዋል፣ ካልተሰየመ ወደ ውርሱ ይገባል።

ንብረቱን ሌላ ሰው እንደ ወራሽ ይዞ ከተገኘ በማረጋገጫዎ ላይ ተመሥርቶ ክሱ የሚቀርበው መብትዎንና ንብረቱ መያዙን ካወቁ በ3 ዓመት ውስጥ ነው።

የውሳኔው ግልባጭ ሲሰጥዎ ከመስኮቱ ሳይርቁ ያንብቡት፦ የሁሉም ስም፣ የሟች ስሞች፣ ድርሻው፣ የመዝገብ ቁጥሩ፣ ማህተሙ። አንድ ፊደል ከተሳሳተ እዚያው እንዲታረም ይጠይቁ፤ ባንክ ደርሶ መመለስ ሌላ ቀጠሮ ነው። ለባንክ፣ ለይዞታ ጽሕፈት ቤትና ለጡረታ እያንዳንዳቸው ማህተም ያረፈበት ግልባጭ ስለሚፈልጉ፣ በአንድ ጊዜ ቢያንስ 3 ያስወጡ።