ሰው ሳይሞት ጡረታው አይሙት
በደብረ ማርቆስ ለጡረተኞችና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከውጭ አገር ተመልሳችሁ ከእኛ ጋር ኑሮ የጀመራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ልጆቻችሁም ጭምር፤ እንደምን ዋላችሁ።

ከደጀን፣ ከቢቸና፣ ከደንበጫ፣ ከቡሬ ድረስ መጥታችኋል። መንገዱ እንዴት እንደሆነ ስለማውቅ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ባንክ ቤት ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የማኅበር ጓደኛው «እስቲ ይቺን ወረቀት እይልኝ» እያለ ይመጣል። አብዛኛው የጡረታ ወረቀት ነው። አንዳንዱ አሜሪካ ሠርቶ፣ ተመልሶ እዚህ ቤት የሠራ ነው። ሌላው እዚሁ ጎጃም ሲያስተምር ኖሮ ስልሳ ሲሞላው ልጆቹ ዘንድ የሄደ ነው። የሁለቱም ጡረታ ያለው አንድ አገር፣ እነሱ የሚኖሩት ሌላ አገር ነው። ችግራቸውም አንድ ነው። ህጉ አብዛኛውን ጊዜ አልከለከላቸውም። ገንዘቡን የሚያስቆምባቸው ወረቀት ነው።

ጡረታ ችሮታ አይደለም። ሰው ጉልበቱ ሳለ ከደሞዙ እየተቆረጠበት ያስቀመጠው ገንዘብ ነው። ባለቤቱ በህይወት እያለ፣ ደብዳቤ ስላልደረሰው ብቻ ጡረታው መቆም የለበትም። ዛሬ የመጣሁት ይህን ለማለት ነው።

ከአሜሪካው ልጀምር፤ የሚበዛው ጥያቄ እሱ ነውና።

እዚያ የጡረታ መብት የሚገኘው በነጥብ ነው። በዓመት ቢበዛ 4 ነጥብ ይያዛል። 40 ነጥብ የሞላለት፣ ማለትም 10 ዓመት ያህል ግብር እየከፈለ የሠራ ሰው፣ ጡረታ አለው። ፓርኪንግ ሠርቶ ይሁን፣ ታክሲ ነድቶ፣ ወይም አረጋውያን ሲያስታምም አድሮ፣ ልዩነት የለውም። ከ62 ዓመት ጀምሮ መውሰድ ይቻላል፤ ግን ይቀነሳል። እ.ኤ.አ. በ1960 ወይም ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሰው ሙሉውን የሚያገኘው 67 ሲሞላው ነው። እስከ 70 ከታገሰ ደግሞ ይጨመርለታል።

የአሜሪካ ዜግነት ያለው ሰው ይህን ገንዘብ ጎጃም ተቀምጦ መውሰድ ይችላል። ግሪን ካርድ ብቻ ኖሮት በኢትዮጵያ ፓስፖርት የተመለሰውስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገጣል። ደንቡ፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው ከአሜሪካ ውጭ ስድስት ሙሉ ወር ከቆየ ክፍያው ይቆማል ይላል። ለኢትዮጵያ ዜጎች ግን ቀዳዳ አለው። ሠራተኛው 40 ነጥብ ከሞላለት ወይም አሜሪካ 10 ዓመት ከኖረ፣ ጡረታው አይቋረጥበትም። «ስድስት ወር ሊሞላ ነው» ተብሎ በየጊዜው ቲኬት እየተቆረጠ የሚመላለስ ሰው አለ። ለጡረታው ሲባል ብቻ ከሆነ አያስፈልግም።

ካርዱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፈቃድ ሳያወጣ ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ የቆየ ሰው ግሪን ካርዱን ሊያጣ ይችላል። ካርዱ ከሄደ በኋላ ከጡረታው ግብር ይቆረጣል። ከ100 ዶላር 25 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው የሚሄደው። ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ቤት ከመሥራታችሁ በፊት ይህን ሂሳብ ሥሩ።

ኤስ ኤስ አይ የሚባለውን ደግሞ ከጡረታ ጋር አታምታቱት። በስተርጅና ልጆቻቸው ወስደዋቸው፣ እዚያ ሳይሠሩ በየወሩ ገንዘብ የሚቀበሉ እናቶች አሉን። እሱ ለችግረኛ የሚሰጥ ድጎማ ነው። ከአሜሪካ ወጥቶ 30 ቀን የቆየ ሰው አይከፈለውም። ሳይናገሩ የወሰዱትን መልሱ ይባላሉ። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ አረጋውያን የሕክምና መድንም እዚህ አይሠራም። ባሕር ዳር ሆስፒታል ብትተኙ የምትከፍሉት ከኪሳችሁ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልምጣ።

ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም የአሜሪካን ጡረታ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት፣ ከአሜሪካ ውጭ ለሚኖር ጡረተኛ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቅጽ ይልካል። ቁጥሩ 7162 ነው። ገንዘቡን በሌላ ሰው በኩል ለሚቀበል 7161 ይላካል። ዋናው ዓላማ ባለቤቱ በህይወት መኖሩንና ሁኔታው አለመለወጡን ማወቅ ነው። አድራሻ ይጠይቃል፣ ትዳር ይጠይቃል፣ ሥራ ሠርተው እንደሆነ ይጠይቃል። ሞልቶ፣ ፈርሞ፣ መመለስ ነው። የተሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው። መልስ ካልመጣ ሌላ ደብዳቤ ይላካል። አሁንም ዝም ከተባለ ክፍያው ይታገዳል።

እኛ አገር ፖስታ ቤት ለቤት አይታደልም። በፖስታ ሣጥን ነው የሚመጣው። ሣጥን ያለው ደግሞ ስንቱ ነው? ስለዚህ ሰው የወንድሙን መሥሪያ ቤት ወይም የሚያውቀውን ትምህርት ቤት ሣጥን ይሰጣል።

ከቡሬ ወጣ ብለው የሚኖሩ አንድ አባት ያደረጉት ይህንኑ ነው። የሰጡት ሣጥን ወንድማቸው ይሠሩበት የነበረው መሥሪያ ቤት ነው። ወንድማቸው ተዛወሩ። ደብዳቤው መጣ፤ ማንም አልነገራቸውም። ሁለተኛውም መጣ። ከዚያ ገንዘቡ ቆመ። ልጃቸው ሲያፈላልግ ሁለቱንም ፖስታ ከአንድ መሳቢያ ውስጥ አገኛቸው። አንዱ ዳሩ በእርጥበት ጠቁሯል፤ ሁለቱም አልተከፈቱም። እኔ ዘንድ ይዘዋቸው መጡ። «ሞቷል ብለው ነው?» አሉኝ። ፊታቸው ላይ የነበረውን መናገር ያቅተኛል። ዕድሜ ልካቸውን ሌሊት ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ቅጹን ሞላን፣ ፈረሙ፣ ላክን። ብዙ ወር ፈጀ። በመጨረሻ የታገደው ሁሉ ተጠራቅሞ መጣላቸው። መብቱ ታግዶ ነበር እንጂ አልጠፋም ነበር። በእነዚያ ወራት ግን ሰውየው በብድር ነው የኖሩት።

«አድራሻዬን የእህቴ ልጅ ቤት አድርጌ፣ አሜሪካ እንዳለሁ ይቁጠሩኝ» የሚል ምክር በየሠርጉ ይሰማል። አትስሙት። ከ30 ቀን በላይ ለመቆየት ከአሜሪካ የወጣ ጡረተኛ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ትክክለኛ አድራሻ ስጡ፣ ሣጥን ተከራዩ፣ ሣጥኑን የሚከፍት ሰው መድቡ። ኢንተርኔት አለ ብላችሁም አትተማመኑ። ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ የኖርንበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን።

ፊርማ ለማይችሉ እናትና አባት አትጨነቁ። በምልክት መፈረም ይቻላል፤ የሚያውቋቸው ሁለት ምስክሮች አብረው ይፈርማሉ።

የትውልድ ዘመን ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። የቀበሌ መታወቂያው 1950 ይላል። ፓስፖርቱ 1958 ይላል። እኛ አንድ መሆኑን እናውቃለን፤ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በፈረንጅ ቆጠራ ነው። ወረቀቱን የሚያየው ሰው ግን ስምንት ዓመት የሚለያዩ ሁለት ሰዎች ሊመስሉት ይችላሉ። የአያት ስምም እንዲሁ ነው። ፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው፣ በዚያው ፊደል፣ በሁሉም ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ከእንግሊዝ ለተመለሳችሁ አንድ ነገር ልበል። የእናንተ ጡረታ እዚህም ይከፈላል። ግን እዚያ እንዳሉት በየዓመቱ አይጨመርላችሁም። በጀመረበት መጠን እንዳለ ይቀጥላል። ከዚያ ተነስታችሁ አስቡ።

የምናገረው ሁሉ ስለ ባለ ጡረታው ሆነ። ሚስትየዋስ?

ባል አሜሪካ 25 ዓመት ይሠራል። ሚስት እዚህ ልጅ ታሳድጋለች፣ መሬት ታሳርሳለች፣ የሰው ዕዳ ትከፍላለች። ባል ተመልሶ ይመጣል፤ ከዚያ ያርፋል። ሚስት «የእሱ ጡረታ ለእኔ ይሆናል» ብላ ትጠብቃለች። የአሜሪካው ደንብ ግን፣ ዜጋ ያልሆነች ባልቴት ውጭ ሆና እንድትወስድ፣ በትዳር ላይ ሳለች ቢያንስ አምስት ዓመት አሜሪካ መኖር አለባት ይላል። እግሯ አሜሪካ ያልረገጠ እናት ምንም ላታገኝ ትችላለች። ይህ ደንብ ልቤን ያሳዝነኛል። እዚያ የሠራው አንዱ ቢሆንም ቤቱን ያቆሙት ሁለቱ ናቸው። ደንቡን እኛ አንለውጠውም። ስለዚህ ባሎች፣ በህይወት ሳላችሁ ለእሷ ቁጠቡ። በስሟ ሂሳብ ክፈቱ። የቤቱ ካርታ ላይ ስሟ ይግባ።

ስለ ሞትም ልናገር፤ አትከፉብኝ። የአሜሪካ ባለ ጡረታ ላረፈበት ወር ገንዘብ አይከፈልም። ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ቢያርፍም ያው ነው። የሰኔ ጡረታ የሚገባው ሐምሌ ላይ ስለሆነ ቤተሰብ ገንዘቡን ሂሳቡ ላይ ያገኘዋል። አርባው ደርሷል፣ ተዝካሩ አለ፣ ጤፉም ጠላውም ገንዘብ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ማውጣት ያምራል። አትንኩት። ይመለሳል። ሞቱን ደብቆ መቀበል ደግሞ ወንጀል ነው፤ አሜሪካ ያለውን ልጅ ሊያስጠይቅ ይችላል።

ወደ እኛው ጡረታ ልመለስ።

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ አዋጅ፣ ቁጥር 209፣ የወጣው በ1955 ዓ.ም. ነው። ብዙ ተሻሽሏል። አሁን ሠራተኛው ከደሞዙ 7 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ያዋጣሉ። መውጫው 60 ዓመት ነው። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደሞዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ መምህር 55 በመቶ ይደርሳል ማለት ነው። አማካይ ደሞዙ 8,000 ብር ከነበረ፣ ጡረታው 4,400 ብር ነው።

ይህ መምህር ልጁ ዘንድ ሜሪላንድ ሄደ እንበል። ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ የእሱ 4,400 ብር ወደ 77 ዶላር ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ተለወጠ፤ ዶላርም ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። 77 ዶላሩ ከ44 ዶላር በታች ወረደ። ሠላሳ ዓመት ጠመኔ የያዘ ሰው ነው። «ተዉት፣ ምን ያደርግልኛል» የሚለው ለዚህ ነው።

እኔ ግን አይተው እላለሁ። ያ ገንዘብ እዚያ ምሳ አይሆንም፤ እዚህ ግን የእህቱን ቤት ኪራይ ይሸፍናል። እሱ ሲያርፍ ባለቤቱ የጡረታውን ግማሽ ታገኛለች። ማህደሩ ተረስቶ ከቆየ ግን የምትጀምረው ከባዶ ነው። የሚሄድ ሰው የአገልግሎት ማህደሩን ቅጂ ይዞ ይሂድ። እዚህ የሚቀበልለት ሰው ከፈለገ፣ ሳይሄድ እዚሁ ውክልና ይስጥ። ውጭ ሆኖ የሚሰጠው ውክልና ኤምባሲ፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ እያለ ብዙ ያንከራትታል። ውክልና ደግሞ ሰጪው ሲሞት ያበቃል። ወኪሎች ይህን እወቁት።

አንድ የምሥራችም አለኝ። ከሁለቱም አገር ጡረታ የሚያገኝ ሰው ነበር፤ እዚህ አስተምሮ፣ እዚያም 40 ነጥብ የሞላ። ቀድሞ የኢትዮጵያው ጡረታ ስላለው የአሜሪካው ይቀነስበት ነበር። ያንን የሚቀንስ ደንብ እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 2025 የተፈረመው ህግ ሽሮታል፤ ከጥር 2024 ጀምሮ ላለው ክፍያም ይሠራል። «ይቀንስብኛል» ብላችሁ የአንዱን አገር ጡረታ ሳትጠይቁ የቀራችሁ ካላችሁ፣ አሁን ጠይቁ። በሁለቱ አገሮች መካከል የሥራ ዘመንን የሚደምር ስምምነት ግን የለም። እዚህ የሠራችሁት ለእዚያኛው ነጥብ አይሆንም።

ከልጆች አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ዛሬ ማታ ስልካችሁን አስቀምጡና የአባታችሁን ወረቀቶች አውጡ። የፖስታ ሣጥኑ ቁጥር የማን እንደሆነ ጠይቁ። መጨረሻ ቅጽ የሞሉት መቼ እንደሆነ ጠይቁ። የቀበሌ ሠራተኞችም እዚህ አላችሁ። አንድ ሽማግሌ «በህይወት አለሁ የሚል ወረቀት ጻፉልኝ» ብሎ ሲመጣ፣ ነገ ና አትበሉት። አጠገባችሁ ቆሟል፤ ታዩታላችሁ፤ ጻፉለት።

እኔ ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በዚሁ አዳራሽ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። ገንዘብ አልቀበልም። ፓስፖርት፣ የመጣላችሁን ደብዳቤ ሁሉ፣ የተከፈተም ያልተከፈተም፣ የጋብቻ ወረቀትም ካለ ይዛችሁ ኑ። ክፍያው የቆመባችሁ ቀድማችሁ ኑ፤ የእናንተ ጊዜ የለውም። አመሰግናለሁ።