ቀብድ የሚቀበለው ፊልም ሠሪ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። እንደተለመደው ከጎንደር ነኝ፤ ከጀርባ የሚሰማችሁ የባጃጅ ድምፅ ነው፣ ታገሱኝ። ዛሬ ስለ ፊልም ላወራ ነው። ስለ ተዋንያን አይደለም፣ ስለ ብር ነው። ማን ከፈለ፣ ማን ወሰደ፣ ማን ባዶ እጁን ቀረ።

እዚህ ከተማ በካሜራ ሥራ ልጆቹን የሚያሳድግ ማን ነው ብትሉኝ፣ የሰርግ ካሜራማን ነው እላችኋለሁ። አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ጥር ሲገባ ፒያሳ ያሉትን ስቱዲዮዎች እዩ። ቀን ይያዛል፣ ቀብድ ይከፈላል፣ ሙሽሮቹ ፋሲል መዋኛ ሄደው ይቀረጻሉ፣ ቀሪው ሂሳብ አልበሙና ፍላሹ ሲወጣ ይዘጋል። ተመልካቹ ገንዘቡን ያወጣው ቀረጻው ሳይጀመር ነው። የሙሽራዋ አጎት ስጦታ ሲያበረክት እየደጋገመ መቅረጽ ሊሰለች ይችላል፤ ግን ካሜራማኑ ማታ ተረጋግቶ ይተኛል።

የሲኒማ ፊልም የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ፕሮዲውሰሩ መኪናውን ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ ይገባበታል። የካሜራ ኪራይ፣ የተዋናይ ክፍያ፣ የጄኔሬተር ነዳጅ፣ የቡድኑ ምግብና አልጋ፣ ሁሉም የሚወጣው ተመልካች አንድ ብር ሳይከፍል ነው። ፊልሙን አምስት ሰው አየው አምስት መቶ ሺህ ሰው፣ ያ ወጪ አይለወጥም። ኮፒ ማድረጉ ደግሞ ምንም አያስወጣም። የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህማ ነገሩ ብሷል፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ሌንሱ የሚገዛው በዶላር፣ ትኬቱ የሚሸጠው በብር። ቁጭ ብላችሁ አስሉት።

ታዲያ ይህን ስናነሳ "ሕዝባችን ለፊልም መክፈል አይወድም" ይሉናል። ይቺን አባባል አልወዳትም። ቅዳሜ ማታ አርሴናልና ማንቼ ሲጫወቱ ኳስ ቤት ሂዱ። በሩ ላይ አንድ ጎረምሳ አለ፤ በአንድ እጁ የተጠቀለለ ብር፣ በሌላው የመጋረጃውን ጫፍ ይዟል። ሳትከፍል አታልፍም። ብታውቀውም፣ ጎረቤቱ ብትሆንም አታልፍም። አግዳሚው ሞልቶ ሰዉ ግድግዳ ተደግፎ፣ እግሩ እየዛለ፣ ዘጠና ደቂቃ ቆሞ ያያል። ከፍሎ! ለፊልም አይከፍልም የሚባለው ይኸው ሰው ነው። ኳሱ ነገ ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ ዛሬ መግባት አለብህ። ደግሞም በር አለው፤ በሩ ላይም ሰው ቆሟል።

ፊልማችን በር የለውም። ወይም በሩ ላይ የቆመው ሌላ ሰው ነው። ፍላሽ ጫኙን አስቡት። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ የተጠላለፈ ገመድ፣ ደጁ ላይ በእጅ የተጻፈ "ፊልም እንጭናለን"። ነሐሴ 2015 የሞባይል ዳታ በክልሉ ሲቋረጥ፣ ቴሌግራም የለመደው ሁሉ ተመልሶ እዚያ ቤት ተሰለፈ። እኔም ተሰልፌአለሁ። ልጁ የእያንዳንዱን ደንበኛ ጠባይ ያውቃል። አንዲት እናት ፍላሻቸውን ሲሰጡት "እትዬ፣ ይሄኛው ለቅሶ ይበዛበታል፣ ለእርስዎ ኮሜዲውን ልጫንልዎ" ሲላቸው ሰምቻለሁ። ይህን ዕውቀት አዲስ አበባ ያለ ፕሮዲውሰር ከየት ያመጣዋል?

ሕጉ የለም እንዳትሉ፣ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥን ይከለክላል፤ በ2007 ተሻሽሏልም። ግን ልብ በሉ፣ እትዬ እኮ ከፍለዋል። ብሩ ከኪሳቸው ወጥቷል። የጠፋው ብሩ ወደ ባለ ፊልሙ የሚሄድበት መንገድ ነው። እኔ ብሆን ልጁን ከማሳደድ ወኪል አደርገው ነበር፤ በጫነ ቁጥር እሱም ድርሻውን ይያዝ፣ ባለ ፊልሙም ያግኝ። የቡና ላይ ወሬ ነው ትሉኝ ይሆናል። ይሁን።

ቴሌቪዥን ላይ ከፋዩ ሌላ ነው፤ ተመልካቹ ሳይሆን ማስታወቂያ አስነጋሪው። እሱ ሲያስነጥሰው ድራማው ጉንፋን ይይዘዋል። በ2011 የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ ከትልልቆቹ ስፖንሰሮች መካከል ቢራ ፋብሪካዎች ነበሩ። እኛ የዳሸን ቢራ ከተማ ልጆች ነን፣ ቢራ ስፖንሰር ሲሆን ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ሕጉን አልቃወምም፤ ቤት ውስጥ ልጅ አለ። ግን የቀረውን ገንዘብ ማን ይተካው ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። ከዚያ በፊት ደግሞ በ2008 የውጭ ድራማ በአማርኛ እየተረጎመ የሚያሳየው ቃና ቴሌቪዥን መጣ። የቱርኩ ድራማ ወጪውን አገሩ ላይ መልሶ የመጣ ነው፤ እዚህ የሚፈልገው የፈቃድ ክፍያና በአማርኛ የሚናገር ሰው ብቻ ነው። ከዜሮ የሚነሳ የአገር ውስጥ ድራማ በዋጋ እንዴት ይችለዋል? ባለሙያዎች ያን ጊዜ ጮኸዋል። እናቴ ደግሞ ሪሞቱን ደብቃ ትከታተል ነበር፤ ከእሷ ጋር ማን ይከራከራል።

በር ካነሳሁ አይቀር፣ የጎንደሩን ልጅ ኃይሌ ገሪማን ሳልጠራ አላልፍም። አባቱ ቴአትር ጸሐፊ ነበሩ፤ እሱ አሜሪካ ሄዶ ፊልም ተማረ፣ አስተማረ። "ሳንኮፋ"ን በፈረንጆቹ 1993 ሲጨርስ አከፋፋዮች ፊት ነሱት። ምን አደረገ? ሲኒማ ቤት ራሱ ተከራየ፣ ጥቁር አሜሪካውያንን አስተባበረ፣ ከተማ ለከተማ እየዞረ አሳየ። በኋላም ዋሽንግተን ላይ በዚያው ፊልም ስም መጻሕፍት ቤት ከፈተ። "ጤዛ" የተባለው ፊልሙ በፈረንጆቹ 2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ሲያገኝ ሁላችንም ተኮፍሰናል። እኔን ግን ከሽልማቱ ይበልጥ የሚገርመኝ ያ አዳራሽ ኪራይ ነው።

አሁን አሁን ጎንደርን የፊልም ከተማ እናድርጋት የሚል ወሬ እሰማለሁ። ፋሲል ግቢ አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ቁስቋም አለ። እሺ። ቡድኑ መጥቶ ቀርጾ ሲሄድ እዚህ የሚቀረው የአልጋ፣ የምግብና የባጃጅ ብር ነው። አይናቅም፣ የሆቴል ሠራተኛዋን ጠይቋት። ግን ፊልሙ ከተሸጠ በኋላ ያለው ትርፍ ትኬት ወደሚቆረጥበት ነው የሚሄደው። ፈረንሳዮች ከእያንዳንዱ የሲኒማ ትኬት፣ የሆሊውድ ፊልምም ቢሆን፣ 11 በመቶ ገደማ እየቆረጡ ለሚቀጥለው የራሳቸው ፊልም ያውላሉ። እኛም በ2010 የፊልም ፖሊሲ አጽድቀናል። ነገር ግን ያልተቆጠረ ትኬት ላይ ምን ይቆረጣል?

ስለዚህ እኔ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። አንድ አዳራሽ። ማታ ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ ስለሚገባ ቀን 8 ሰዓት የሚጀምር። ቁጥር ያለው ትኬት፣ የፕሮዲውሰሩ ድርሻ ያንኑ ዕለት በቴሌብር የሚላክለት። ፕሮጀክተር የሚያከራይ ሰው አግኝቻለሁ፤ የአዳራሹን ዋጋ ግን ገና እያጣራሁ ነው። አዘዞ ወይም ማራኪ በኩል ወንበር ያለው፣ ጣሪያው የማያፈስ አዳራሽ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ሂሳቡን ይዤ እመጣለሁ። ደህና ሁኑ።