ሩብ ሄክታር ሩዝ ማሳ የማን ነው? በጃቫ የገጠር መንደር ኑሮና ንብረት ላይ የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ የመሬት አስተዳደር ባለሙያዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፤

ዛሬ የምናወራው ስለ አንዲት ማሳ ነው። ስፋቷ 50 ሜትር በ50 ሜትር፣ ሩብ ሄክታር ነው። ያለችው ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ጃቫ ደሴት ላይ፣ ከሩዝ በቀር ሌላ ሥራ በማያውቅ መንደር ዳር ነው። ይህች ማሳ የማን ናት ብላችሁ መንደሩን ብትጠይቁ ቢያንስ አራት መልስ ታገኛላችሁ፤ አራቱም እውነት ናቸው። ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ይቅርታችሁን።

መንደሩ ከሩቅ ሲታይ ጫካ ይመስላል። ቤቶቹ ተጠጋግተው በዛፍ ተሸፍነዋል፤ ዙሪያውን ሜዳው ውሃ የቋጠረ ማሳ ነው። መሬቱ ሦስት ስም አለው። ውሃ ገብቶበት ሩዝ የሚተከልበት ሳዋህ ይባላል። ዝናብ ጠብቆ ካሳቫ፣ በቆሎና ለውዝ የሚበቅልበት ደረቁ መሬት ተጋላን ነው። ቤቱ የቆመበት ጓሮ ደግሞ ፔካራንጋን ሲሆን ኮኮናት፣ ሙዝ፣ ቃሪያ፣ የፍየል በረትና የዶሮ ቆጥ ሁሉ እዚያው ተጨናንቀው ይኖራሉ። ጓሮውን አትናቁት። ሩዙ ሳይደርስ ጨውና ሳሙና የሚገዛው ከጓሮው በሚለቀም ኮኮናትና ሙዝ ነው።

ከግማሽ ሄክታር በታች የሚያርስ ገበሬ በአገሩ ቋንቋ ጉረም ይባላል። ቃሉ የዶሮ ቅንቅን ማለት ነው። ስድብ ቢመስልም የመንግሥት ስታቲስቲክስ ራሱ በይፋ የሚጠቀምበት ቃል ነው፤ በ2023 የግብርና ቆጠራም መሬት ካላቸው አራሽ ቤተሰቦች ከ10 ስድስቱ ጉረም ሆነው ተገኝተዋል። የእኛም ማሳ የጉረም ማሳ ናት።

ከሥራው እንጀምር፤ ንብረቱን የሚፈጥረው ሥራው ነውና። ለሩብ ሄክታር ከ6 እስከ 7 ኪሎ ዘር ይበቃል። ዘሩ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ ተጠቅልሎ ጎንቆል እስኪያወጣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቀመጣል፤ ከዚያም 100 ካሬ ሜትር ገደማ በሆነች የፍል መደብ ላይ ይበተናል። ማሳው በዚህ ጊዜ ውሃ ጠጥቶ ይጨቀያል። ችግኙ 18 እስከ 21 ቀን ሲሞላው ሴቶች ወደ ኋላ እየሄዱ፣ በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ችግኝ እያደረጉ፣ 25 ሴንቲ ሜትር በ25 ሴንቲ ሜትር አራርቀው ይተክሉታል። ለዚህች ትንሽ ማሳ 40,000 ጊዜ ጎንበስ ማለት ነው። ችግኙ መደቡ ላይ ከወር በላይ ከቆየ በደንብ አያቆጠቁጥም፤ ያ ማሳ በኋላ ዩሪያ ቢለብስም አይካስም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የጉረም ማሳ ብቻዋን አትተከልም። ጎረቤት ሁሉ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተከለ አይጥና ቡናማው ዘላይ ተባይ ከደረሰው ማሳ ወደ ለጋው እየተሻገሩ ዓመቱን ሙሉ ይቀለባሉ። ገበሬው የሚያየው ቢጫ ክብ ሆኖ፣ እሳት እንደለበለበው የሚደርቅ ማሳ ነው። መድኃኒት ሲረጭ ይብስበታል፤ ተባዩን ይበላ የነበረው ሸረሪት ቀድሞ ይሞታልና። መንግሥት ይህን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶበት በ1986 በፕሬዚዳንቱ መመሪያ 57 ዓይነት ፀረ ተባይ ከሩዝ ማሳ ላይ አገደ። አይጡ ግን አሁንም አለ። አንዳንዱ ማሳውን በኤሌክትሪክ ሽቦ ያጥራል፤ በዚህ ሽቦ በሌሊት ውሃ ሊያዞሩ የወጡ ሰዎች ሞተዋል፤ የሽቦው ባለቤት ራሱ የሞተበትም ጊዜ አለ። ይህን አትቅዱ።

ውሃው ሌላ ባለቤት አለው። ቦዩን የሚከፍትና የሚዘጋው የመንደሩ የውሃ አባት ኡሉ-ኡሉ ይባላል። በበጋ ተራው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከደረሰህ ሌሊት ስምንት ሰዓት ትነሣለህ። ባሊ ደሴት ላይ ይህ ነገር እጅግ የጠነከረ ነው። እዚያ ሱባክ የሚባል የውሃ ማኅበር አለ፤ ከአንድ ምንጭ የሚጠጡ ማሳዎች ሁሉ አባል ናቸው፤ መሪው ፔካሰህ የመትከያውን ጊዜ የሚያውጀው ከውሃው ቤተ መቅደስ ሥርዓት ጋር አያይዞ ነው። ዩኔስኮ በ2012 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በ1970ዎቹ ቶሎ ቶሎ ትከሉ ተብሎ ይህ ቀን መቁጠሪያ ሲጣስ የመጣው ተባይና የውሃ ጠብ፣ ያ የአምልኮ ቀን ቆጠራ የግብርና ቀን ቆጠራም እንደነበር አሳየ።

አሁን ወደ ምርቱ። የአገሪቱ አማካይ በሄክታር 5.2 ቶን ገደማ ደረቅ ያልተፈተገ ሩዝ ነው፤ ለእኛ ማሳ 1.3 ቶን ይደርሳታል። ከዚህ ላይ በመጀመሪያ የሚወስደው አጫጁ ነው። ድርሻው ባዎን ይባላል፤ እንደ መንደሩ ከስድስት አንድ፣ ከስምንት አንድ ወይም ከአሥር አንድ ይሆናል። ድሮ አጨዳው ለመጣ ሁሉ ክፍት ነበር። ሴቶች አኒ-አኒ በምትባል በጣት መካከል በምትያዝ ትንሽ ስለት ዛላ በዛላ ይቆርጡ ነበር። አጭሩ አዲስ ዝርያ ሲመጣ ማጭድ ገባ። ቀጥሎ ተባሳን ተስፋፋ፤ ነጋዴው ሰብሉን ማሳው ላይ እንዳለ በዓይኑ ገምቶ ይገዛና የራሱን አጫጆች ይዞ ይመጣል። ለባለ ማሳው ቀላል ነው። መሬት ለሌላት የመንደሩ ሴት ግን ከዓመት ዓመት የምትጠብቃት አንድ ስምንተኛ ጠፋች ማለት ነው። ቀብድ ከፍሎ ዋጋ ሲወርድ የሚጠፋ ነጋዴም አለ፤ ያኔ ሩዙ ማሳው ላይ ይረግፋል።

አጫጁ ከስምንት አንድ ወሰደ እንበል፤ 1,140 ኪሎ ቀረ። አራሹ ባለመሬት ካልሆነ ይህ እንደገና ይከፈላል። ማሮ ከሆነ እኩል፣ መርተሉ ከሆነ ለአራሹ ሲሶ፣ ምራፓት ከሆነ እርቦ። የእኛ አያቶች ይህን ስሌት ያለ አስተርጓሚ ይረዱት ነበር። ማሮ ከሆነ አራሹ 570 ኪሎ ያገኛል፤ ሲፈተግ ወደ 360 ኪሎ ሩዝ ይወርዳል። አራት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በዓመት ከ300 ኪሎ በላይ ይበላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርት ለሆድ ነው፤ ገንዘብ የሚባለው ሁለተኛው ዙር ውሃ ካገኘ ነው። የ1960 ሕግ ቁጥር 2 የእኩል ውል በመንደሩ ሹም ፊት በጽሑፍ እንዲደረግ፣ ለሳዋህ ቢያንስ 3 ዓመት፣ ለደረቅ መሬት 5 ዓመት እንዲጸና ያዛል። በተግባር ውሉ የቃል ነው፤ ባለመሬቱ ቅር ካለው በሚቀጥለው ዙር ሌላ አራሽ ይገባል።

ወለድ አገድም አለ፤ እዚያ ጋዳይ ይሉታል። ገንዘብ የቸገረው ሰው ማሳውን ያስይዛል፤ አበዳሪው ብሩ እስኪመለስለት ያርሳል፤ ምርቱ ወለድ ነው። በዚህ ላይ በ1960 የወጣው 56ኛው ድንጋጌ እጅግ ብልህ ነው። መሬቱ 7 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከተያዘ አበዳሪው ሰብሉን በሰበሰበ በአንድ ወር ውስጥ ያለ ምንም ክፍያ ይመልሳል፤ በ7 ዓመት ምርት ገንዘቡን አግኝቷልና። ባለቤቱ ከዚያ በፊት ማስለቀቅ ከፈለገ ከሰባት ተኩል ላይ ያለፉትን ዓመታት ቀንሶ፣ ለሰባት አካፍሎ፣ በብድሩ ያባዛል። በ10 ሚሊዮን ሩፒያ የተያዘ ማሳ በ4ኛው ዓመት ሲለቀቅ ሰባት ተኩል ሲቀነስ አራት ሦስት ተኩል፣ ለሰባት ሲካፈል ግማሽ፤ ስለዚህ 5 ሚሊዮን ይከፈላል። ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ በብዙ መንደር ሙሉው ብድር ይከፈላል። ምክንያቱ አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ሕግ ጠቅሶ መሬቱን ያስመለሰ ሰው በሚቀጥለው ችግሩ የሚያበድረው አያገኝም።

ምዕራብ ሱማትራ የሚኖሩት ሚናንግካባዎች ደግሞ ሩዝ ማሳን በእናት በኩል ያወርሳሉ። የቀድሞ አያቶች መሬት አይሸጥም፤ በወለድ አገድ የሚያዘው በአራት ምክንያት ብቻ ነው፦ አስከሬን ቤት ውስጥ ተዘርግቶ መቅበሪያ ገንዘብ ሲጠፋ፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ሳትዳር ስትቀር፣ ትልቁ የጎሳ ቤት ጣሪያው ሲያፈስ፣ የተዳፈነ የጎሳ ሹመት መልሶ ሲቋቋም። አራቱን ልብ ብላችሁ ብታዩ አንዳቸውም ንግድ አይደሉም።

ወረቀቱ ላይ ደረስን፤ እናንተን የሚመለከታችሁ እዚህ ነው። በ1960 የወጣው መሠረታዊ የመሬት ሕግ፣ ቁጥር 5፣ ሀክ ሚሊክ የሚባለውን ሙሉ ባለቤትነት ለኢንዶኔዥያ ዜጋ ብቻ ይሰጣል። በውርስ ወይም በጋብቻ የደረሰው የውጭ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ መልቀቅ አለበት። መሬቱ ካለበት ወረዳ ውጭ የሚኖር ሰውም የእርሻ መሬት እንዲይዝ ሕጉ አይፈቅድም። እኛ ዘንድ መሬት አይሸጥም፣ እዚያ ይሸጣል፤ ሆኖም በጃቫ መንደር ሽያጩ ለረጅም ዘመን ያለ ሰርተፊኬት ሲካሄድ ኖሯል። በእጅ ያለው ወረቀት ጊሪክ ይባላል፤ የግብር ደረሰኝ ነው። መንደሩ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ሌተር ሲ የሚባል መዝገብ አለ፤ ስም ተሰርዞ ስም ይጻፍበታል። ሁለቱም ግብር ከፋዩን እንጂ ባለቤቱን አያረጋግጡም። ሻጭና ገዢ ቴምብር በተለጠፈበት ደረሰኝ ይጨባበጣሉ፤ ሻጩ ይሞታል፤ ከ20 ዓመት በኋላ የገዢው ልጅ ሰርተፊኬት ሲፈልግ ጃካርታ የገቡትን የሻጩን ወራሾች ፊርማ ሊለቅም ይዞራል።

ትክክለኛው መንገድ አጭር ነው። ሰርተፊኬቱ መሬት ቢሮ ይጣራል፤ ውሉ ፔፓት በሚባለው የመሬት ውል ሹም ፊት ይፈረማል፤ ሻጩ 2.5 በመቶ፣ ገዢው ከግብር ነፃ ከሆነው መነሻ ዋጋ በላይ ባለው ላይ እስከ 5 በመቶ ግብር ይከፍላል፤ ሹሙም ፋይሉን በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ያስገባል። የሹሙ ክፍያ ከ1 በመቶ አይበልጥም። ለጉረም ገበሬ ይህ ሁሉ ተደምሮ የአንድ ዙር ምርት ሊበላ ይችላል፤ ለዚህ ነው ደረሰኙ የሚመረጠው።

መንግሥት ከ2017 ጀምሮ መንደሩን ጠቅላላ በአንድ ጊዜ መመዝገብ ጀመረ። ለቅድመ ዝግጅት፣ ማለትም ለድንበር ምልክትና ለቴምብር፣ በጃቫና በባሊ ከ150,000 ሩፒያ በላይ አይጠየቅም። ጎረቤታሞች አብረው ቆመው ምልክቱን ይተክላሉ፤ ካርታው ለ14 ቀን ይለጠፋል፤ ተቃዋሚ ከሌለ ሰርተፊኬት ይወጣል። ሰርተፊኬቱ 5 ዓመት ሳይከሰስ ከቆየ ባለመብት ነኝ ባይ ሊያፈርሰው አይችልም። ስለዚህ በ14ቱ ቀን ከተማ የነበረ ወንድም ነገሩን ሳያውቅ ይቀራል፤ ትልቁ ጠብ የሚነሣው እዚህ ነው። በ2021 የወጣው ደንብ ቁጥር 18 ደግሞ የቀድሞ ወረቀቶች በ5 ዓመት ውስጥ፣ እስከ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2026 እንዲመዘገቡ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ጊሪክ ጠቋሚ እንጂ የመብት ማስረጃ አይደለም።

ወረቀቱ የማይይዘውም ብዙ ነው። በልማዱ መሬትና በላዩ ያለው ነገር ይለያያሉ። ቤቱ የአንዱ፣ መሬቱ የሌላው ሊሆን ይችላል፤ ጥንታዊው የእንጨት ቤት ተፈታቶ ስለሚጓጓዝ ለብቻው ይሸጣል። ፍየል በርቢ ይሰጣል፤ ግልገሉን አርቢውና ባለቤቱ ይካፈላሉ። የመንደሩ ሹምም ደመወዙ የነበረ ቤንግኮክ የሚባል መሬት ያርሳል፤ እኛ ማደሪያ እንል የነበረው ነው። ከ2014ቱ የመንደር ሕግ በኋላ ቤንግኮክ የመንደሩ ሀብት ሆኖ ገቢው በበጀቱ ያልፋል። የሹሙ የምርጫ ዘመንም በ2024 ከ6 ወደ 8 ዓመት ተራዝሟል።

ከየቤቱ ደጃፍ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ተንጠልጥላ ታያላችሁ። ጂምፒታን ናት፤ የሌሊት ጥበቃ ተረኞች እየዞሩ ከውስጧ ጭብጥ ሩዝ፣ ዛሬ ዛሬ ሳንቲም፣ ይሰበስባሉ። ገንዘቡ ለመብራት፣ ለታመመ ሰው፣ ለቀብር ይውላል። አሪሳን እቁብ ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም። ሳምባታን ደግሞ ደቦ ነው፤ ቤት ሲሠራ ጎረቤት በምግብ ብቻ ይመጣል። ሠርግ ሲሆን እያንዳንዱ ያመጣው ሩዝ፣ ስኳርና ገንዘብ በደብተር ይጻፋል፤ የእሱ ተራ ሲደርስ በልኩ ይመለስለታል። ያ ደብተር የብድር መዝገብ ነው፤ ባልና ሚስት ሲለያዩ እንኳ የማን ዕዳ የማን እንደሆነ ያከራክራል።

ማሳችንን በውርስ እንሸኛት። አባት ሲሞት አራት ልጆች አሉ። በሸሪዓው ወንድ ሁለት እጅ፣ ሴት አንድ እጅ ይወስዳሉ፤ በጃቫ ልማድ እኩል የሚካፈሉም ብዙ ናቸው። እኩል ቢከፈል ለእያንዳንዱ 625 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል፤ የእጅ ትራክተር እንኳ ዞሮ መመለሻ አያገኝም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አይቆርሱትም። ወላጆቹን የጦረው፣ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ልጅ፣ ቤቱን ይይዛል፤ ማሳውንም ያርሳል፤ ለሦስቱ ከየምርቱ ድርሻቸውን በጆንያ ይልካል። ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ስም ግን እስካሁን የሟቹ አባት ነው። ማዳበሪያ በድጎማ የሚመዘገበው በአራሹ መታወቂያ፣ ግብሩ የሚመጣው በአባት ስም፣ ሩዙ የሚሄደው ወደ አራት ቤት ነው። የመዝገብ ሠራተኛ ብትሆኑ የትኛውን ስም ትጽፉ ነበር? ጥያቄውን ከዚህ እንጀምር፤ መድረኩ የእናንተ ነው።