ዱርጋ ማለት አምባ ነው፦ ከባንጋሎር ወጣ ብለን

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ! ዛሬ ደቡብ ሕንድ ነን፣ ባንጋሎር። ለሕክምና ወይ ለትምህርት ሄዳችሁ ከሆስፒታልና ከሞል ሌላ ሳታዩ ለምትመለሱ ነው ይሄ ቪዲዮ።

(ካርታ) ሰሜን ላይ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ናንዲ ዱርጋ። ምዕራብ ላይ ደግሞ ሳቫን ዱርጋ። «ዱርጋ» የምትለዋን አያችኋት? ምሽግ ማለት ናት፣ በቀላሉ የማይደረስበት። በእኛ አፍ አምባ በሏት። አምባ! ይቺን ነገር እወዳታለሁና ትንሽ ታገሱኝ።

ደብረ ዳሞን አስቡ፤ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ። ናንዲ ግን ድፎ ዳቦ ነው፦ ከሥር ሰፊ፣ ከላይ ጎበጥ ያለ ግራናይት። ሳቫን ዱርጋማ ከነቅርፊቱ ድፎ ነው! መልኩ ቢለያይም ሥራው ያው ነው፤ ጠላት ከታች፣ አንተ ከላይ። ደግሞ ውሃ አትርሱ። ውሃ የሌለው አምባ ምሽግ አይደለም፣ ወጥመድ ነው። ናንዲ አናት ላይ አምሪታ ሳሮቫር የሚባል፣ ዙሪያውን የድንጋይ ደረጃ ያለው ኩሬ አለ። ሰው ሁሉ «የቲፑ ገደል» ላይ ሰልፊ ሲነሳ እናንተ ኩሬውን እዩ።

የማይሶር ገዥ የነበረው ቲፑ ሱልጣን የሙቀቱን ወራት ያሳልፍበት የነበረው ቤትም እዚያው ነው። እንግሊዞች ሁለቱንም ዱርጋዎች የያዙት በ1791 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዋና አዛዡ ሎርድ ኮርንዋሊስ። አዎ፣ ከ10 ዓመት በፊት አሜሪካ ዮርክታውን ላይ የተሸነፈው ሰውዬ! በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ የደረሰው ጦርም አብዛኛው ከሕንድ ነው የመጣው፣ ከነዝሆኖቹ። አምባና ዱርጋ የተዛመዱት በቅርጽ ብቻ አይደለም።

(ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ እዚች ጋ ነች።)

አሁን ኮሜንት ላይ በተደጋጋሚ የሚመጣው፦ «ናንዲ 1,478 ሜትር ነው፣ ያን ሁሉ እንዴት ይወጣል? ትንፋሽ አያሳጥርም?» ኧረ በፍጹም! 1,478 ከባሕር ወለል ነው የሚለካው። ባንጋሎር ራሷ 920 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ልዩነቱ 560 ቢሆን ነው፣ እሱንም መኪና በአስፋልት ይወጣላችኋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ ናት። ናንዲ አናት ላይ ቆማችሁ ከመርካቶ በታች ናችሁ! ተራራ ወጣሁ ብላችሁ ወርዳችኋል። ጋቢ ይዘን እንምጣ ወይ ለምትሉም፣ ታኅሣሥና ጥር ጎህ ላይ ሹራብ ይበቃል።

ናንዲ አናት ላይ ቆሞ ከበታች የሚታየውን ደመና ደግሞ ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ፦ ሌሊቱ ጥርት ያለና ነፋስ የሌለበት ከሆነ ጉም ሸለቆው ላይ ይተኛል፣ ፀሐይ ስትበረታ ይበተናል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ በር ላይ ድረሱ። ቅዳሜና እሁድ ግን ጥምዝምዙ መንገድ ላይ መኪና ይደረደራል፣ ፀሐይዋን ወረፋ ላይ ታዩዋታላችሁ። ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ሂዱ። የመግቢያው ሰዓት ስለሚለዋወጥ ዋዜማውን አረጋግጡ። በአፕ የተጠራ ታክሲ ያደርሳችኋል እንጂ ለመመለሻ ላይገኝ ይችላል፤ ደርሶ መልስ ተነጋገሩ። ዝንጀሮዎቹም ፌስታል ካዩ ይነጥቃሉ፤ ምግብ ቦርሳ ውስጥ፣ ዚፑ ተዘግቶ።

ሳቫን ዱርጋ ሌላ ጨዋታ ነው። እዚህ መንገዱ ራሱ ድንጋዩ ነው፣ ጥላ የለም። ለሰው 2 ሊትር ውሃ፣ የሚይዝ ሶል ያለው ጫማ። ድንጋዩ ላይ የተቀባውን ምልክት ተከተሉ። አቋራጭ ነው ብሎ ወደ ጎን የወጣ ሰው ገደላማው ላይ ሲደርስ ወደፊትም ወደኋላም ማለት ያቅተዋል። ዝናብ ከነካው ጭራሽ አትሞክሩት፣ ሳሙና ነው። የሚያስቸግረው መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው፤ የጫማ ክር ጠበቅ አድርጉ፣ ያለዚያ ጣታችሁ ጫማውን እየገፋ ጥፍራችሁ ይጠቁራል። ለመግባት የደን መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከናንዲ ስትመለሱ እግሩ ሥር ያለውን የቦጋ ናንዲሽዋራ ቤተ መቅደስ እንዳታልፉት። ከ1,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው፣ ለእኔ ከገደሉ ይበልጣል። ጫማ ይወለቃል፤ ይሄን ለእኛ ማን ያስተምረናል! ግን እኩለ ቀን ላይ ግቢው ውስጥ ያለው ድንጋይ እንደ ምጣድ ይግላል። ካልሲ ያዙ።