ለለቅሶ ብቻ አንገናኝ

(በ1966 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ያጠናቀቁ የቀድሞ ተማሪዎች ዓመታዊ መገናኛ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣ ውድ የክፍል ጓደኞቼ፣ እኛን ለማድረስ ብላችሁ ከሥራችሁ የቀራችሁ ልጆቻችን፤ እንደምን ዋላችሁ።

ኮሚቴው «አሥር ደቂቃ ብቻ፣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ነው፣ ቀለል ያለ ይሁን» ብሎኛል። እንኳን ደህና መጣችሁ። ይኸው ያ አለቀ። የቀረውን ጊዜ ለራሴ ጉዳይ ልወስደው ነው። የማወራው ስለ ፊልም ነው፤ አትሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝታ ግድግዳዬ ላይ ሰቀለችልኝ። ሪሞቱ ላይ የማብሪያውን ቁልፍ በቀይ የጥፍር ቀለም ቀብታ «እማዬ፣ ከዚች ሌላ ምንም እንዳትነኪ» አለችኝ። «ብቻሽን ስትሆኚ እንዳይደብርሽ ብዬ ነው።» ብቻዬን እንዳይደብረኝ ብቻዬን የማየው ነገር ሰጥታኝ ሄደች። እኔም ስልኬን አንስቼ ባለፈው ቅዳሜ እያንዳንዳችሁ ጋ ደወልኩ። የመጣችሁ መጣችሁ፤ ያልመጣችሁትንም አውቃችኋለሁ።

መጀመሪያ የደወልኩላት ሰው ምን እንዳለችኝ ልንገራችሁ? «ማን ሞተ?» አለችኝ። ስሟን አልጠራም፤ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ናት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ልትወጣ ስትል ነው የያዝኳት። «ማንም አልሞተም፣ ፊልም ልናይ ነው» ስላት ጥቂት ዝም አለችና «ደህና ነሽ ግን? አሞሽ እንዳይሆን» አለችኝ። እዚህ ደርሰናል! የጓደኛ ስልክ ሲጮህ መርዶ ነው የሚመስለን።

በእኛ ጊዜ ፊልም ብቻውን ያየ ሰው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ አምፒር፤ ወደ ታች ሲወረድ አምባሳደር፤ መርካቶ ሲኒማ ራስ። ሴት ልጅ ሲኒማ ቤት በር ላይ ከታየች ወሬው ቀድሟት ቤት ይገባ ስለነበር እኛ ሴቶቹ «ጥናት አለብን» ብለን ነበር የምንወጣው። እናቶቻችን ነፍሳቸውን ይማርና፣ እሑድ እሑድ ያን ሁሉ አጥንተን ውጤታችን ለምን እንደማይሻሻል እንደገረማቸው ነው ያለፉት።

የህንድ ፊልም ደግሞ ሦስት ሰዓት ነው። ከመካከላችን ህንድኛ የሚሰማ የለም። ግን ተርጓሚ ነበረን። ዛሬም አለ፤ ያውና ጥጉን ይዞ ተቀምጧል። እጅህን አታንሳ፣ ሁሉም ያውቅሃል። እናትየዋ አፏን በከፈተች ቁጥር በጨለማው ውስጥ በሹክሹክታ ይተረጉምልናል። እንዴት ያለ ትርጉም! ልጇን ስትረግም፣ አጎትየው መሬታቸውን ሲቀማ፣ ምሰሶ ሥር የተቀበረ ኑዛዜ ሲገኝ። እኛ እንባችንን በዩኒፎርማችን እጅጌ እንጠርጋለን። አንድ እሑድ ከፊታችን ካለው ረድፍ አንድ ሰው ዞር አለ። የሒሳብ መምህራችን! ያኔ በየሁለተኛ ደረጃው ህንዳዊ መምህር እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ለካ ባለቤታቸውን ይዘው መጥተው ኖሯል። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ትኩር ብለው አዩትና፣ በዚያ በምታውቁት እንግሊዝኛቸው፣ «ልጄ፣ እርግማን አይደለም። ራሴን አሞኛል፣ ሻይ አፍሉልኝ ነው የምትለው» አሉት።

ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «ሰር፣ የኛው ይሻላል» አላቸው።

ሰኞ ጠዋት ልባችን በአፋችን ሊወጣ ደርሶ ክፍል ገባን። መምህሩ ምንም አላሉም። ሰሌዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ እኩልታ ጻፉና ጠመኔውን ለእሱ አቀበሉት፤ «ና፣ ይህንንም ተርጉመው» አሉት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ደወል እስኪደወል እዚያው እንደቆመ ቀረ።

ባለፈው ቅዳሜ ይኸው ሰውዬ አጠገቤ ተቀምጧል፤ የጆሮ መሣሪያውን ቤቱ ረስቶ። የከፈትነው የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ነበር፤ በ2008 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቬኒስ ላይ የተሸለመውን። ጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ የመጣ ሰው፣ ደርግ፣ በጣና ዳር ያለች መንደሩ፣ ልጆችን ለጦርነት የሚያፍሱ ወታደሮች። የማን ትውልድ ታሪክ እንደሆነ ለእናንተ መንገር የለብኝም። «ምን አለ?» ይለኛል በየደቂቃው። እነግረዋለሁ፤ ግማሹን ያለውን፣ ግማሹን ከራሴ ጨምሬ። ብድሩን ከነወለዱ ነው የመለስኩለት።

አንዷ ዓይኗ ላይ ጠብታ ጨምራ፣ አንገቷን ወደ ጣሪያው ቀልሳ፣ «እስክገልጥ አቁሙልኝ» ትላለች። አንዱ ስኳር አለበት፤ ሽንት ቤት በሄደ ቁጥር እናቆማለን። የሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፊልም ከምሳ እስከ ማታ አላለቀም። መሃል ላይ መብራት ሄደ።

ሻማ በራ፣ ቡና ተፈላ። ከመካከላችን ያ ሁልጊዜ ዝም የሚለው ሰው (እሱንም አልጠራም) በ1970 የት ተደብቆ እንደከረመ ያን ዕለት ተናገረ። ገጠር፣ አክስቱ ጎተራ ውስጥ ነበር። ቀን ቀን ከጤፉ ጋር፣ ሌሊት ሌሊት ደጅ። ይህን ሁሉ ዓመት ስናውቀው ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፤ ሚስቱ እንኳ ከእኛ እኩል ነው የሰማችው። መብራቱ መጥቶ ቴሌቪዥኑ መጮህ ሲጀምር «ዝም አስብሉት ያንን!» ያለችው ያቺው «ማን ሞተ» ባይዋ ናት። ፊልሙን የጨረስነው እሑድ ነው፤ የጠፋም ሰው አልነበረም፣ የተጨመረ እንጂ።

የመስከረም 1 ቀን 1967ን ማታ አስታውሱ። እኛ ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው አንድ ጎረቤት ነበር፤ ሰው እስከ በረንዳው ሞልቶ ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ስለ ወሎ ረሀብ የሠራውን ፊልም፣ በመሃሉ የቤተ መንግሥት ድግስ እየተቀጠለበት፣ አሳዩን። በማግስቱ ጃንሆይ ወረዱ። የባለቤትየው እናት ሲያለቅሱ ቤቱ በሙሉ አለቀሰ፤ ወደ ቤቱ መሄድ የፈለገ ሰው አልነበረም። ያን ፊልም እያንዳንዳችን በየኪሳችን ባለ ስልክ አይተነው ቢሆን ምን እናደርግ ነበር? ለሌላ ሰው ልከነው እንተኛ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ስንወጣ ያቺ ማታ አብራን ወጥታለች። እዚያ በረንዳ ላይ ከነበሩት ዛሬ ከእኛ ጋር የሌሉትን ታውቋቸዋላችሁ።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። የማኅበራችንን መተዳደሪያ ደንብ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አባል ሲሞት ይህን ያህል፣ የአባል ባል ወይም ሚስት ሲሞቱ ይህን ያህል፣ ወላጅ ሲሞት ይህን ያህል። ድንኳን አለን። ወንበር አለን። ብረት ድስት አለን። ባለፈው ዓመት «አንድ ቀን ለጨዋታ ይመደብ» ብዬ ብጠይቅ «አጀንዳ አይደለም» ተብሎ ታለፈ። ታዲያ አጀንዳችን ምንድን ነው? ሬሳ ነው? ያን ድንኳን በሕይወት ላለ ሰው ተክላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ስሞት የምታወጡትን ብር ዛሬ ስጡኝና ፈንዲሻ ልግዛበት! ሳጥኔ አጠገብ «ጨዋታ አዋቂ ነበረች» እያላችሁ ደረት ከምትመቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት መጥታችሁ ጨዋታዬን ስሙ!

ልጆቻችንም ስሙ። «እማዬ ዕረፊ፣ አባዬ ተቀመጥ» ትሉናላችሁ። ከምኑ ነው የምናርፈው? ጡረታ ከወጣን ስንት ዘመናችን፤ ዕረፍቱ ራሱ አድክሞናል። ቻናል አትምረጡልን። ታክሲ ጥሩልን፣ ማታ ደግሞ መጥታችሁ ውሰዱን፤ ይኸው ነው።

ስለ ሲኒማ ቤቶቹም ልናገር ነበር፤ መያዣ ስለሌለው ደረጃቸው፣ ደረት ስለሚመታው ድምፃቸው። ይቅር፣ ሰዓቱ ሄዷል። ዋሽንግተንና ቶሮንቶ ያላችሁት ይህን የምታዩ ከሆነ በስልክ ግቡ፤ የእኛ ከሰዓት የእናንተ ጠዋት ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ።

የምጠይቀው በወር አንድ ቅዳሜ ነው፤ እንደ ጽዋ ማኅበር በተራ፣ አንድ ቤት፣ አንድ ፊልም። መዋጮ የለውም፣ ቅጣትም የለውም። የመጀመሪያው ተራ የእኔ ነው፤ ቡናውም በእኔ። ፊልሙ የህንድ ነው፣ ትርጉምም የለውም፤ ስለዚህ አንተ እዚያ ጥጉ ላይ ያለኸው መቅረት አትችልም። መዝገቡ ጸሐፊያችን እጅ ነው። ምሳ ከመቅረቡ በፊት ፈርሙ፤ ከበላችሁ በኋላ እንቅልፍ እንደሚወስዳችሁ አውቃለሁ።

አመሰግናለሁ።