ቀይ ምልክቱ ይናገርልን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከጎንደር ነኝ። እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ሰሞኑን ከአእምሮዬ ያልወጣው ጉዳይ ኮንቲንዩስ ኢንተግሬሽን ነው። ባጭሩ ሲአይ የምንለው።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። አንድ ሰው ኮድ ቀይሮ በላከ ቁጥር ሌላ ቦታ ያለ ሰርቨር ኮዱን ከባዶ ያወርደዋል፣ የሚያስፈልገውን ይጭናል፣ ቴስቶቹን፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትኑ ትንንሽ ፕሮግራሞችን ያስኬዳል። ካለፈ አረንጓዴ፣ ከወደቀ ቀይ። ድሮ ብዙውን ጊዜ ሰርቨሩን ገዝቶ የሚተክለውና የሚንከባከበው ቡድኑ ራሱ ነበር። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ኮድ የምናስቀምጥበት ድረ ገጽ፣ ጊትሀብ፣ ይህን የሚሠራልን ጊትሀብ አክሽንስ የሚባል አገልግሎት አለው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ለሆነ ፕሮጀክት ደግሞ በነጻ ነው።

የእኛ ፕሮጀክት ትንሽ ነው። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ፣ የፈረንጆቹን ወደ እኛ የሚቀይር፣ በፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈ ላይብረሪ ነው፣ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያግዙን ተማሪዎች ናቸው። አንዱ ማራኪ ግቢ፣ አንዱ አዘዞ፣ አንዱ ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብሎ ይጽፋል። ደመወዝ የለም፣ አለቃም የለም።

እንዲህ ዓይነት ቡድን ውስጥ ትልቁ ችግር ምን መሰላችሁ? ይሉኝታ ነው። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ኮዱን ይልካል። አይተህ «ይሄ አይሠራም» ማለት ይከብዳል። እሱም በትሕትና «ጋሼ፣ እኔ ጋ ይሠራል እኮ» ይላል። ውሸቱን አይደለም፣ እሱ ጋ ይሠራል። ከዚያ አንዱ ዝም ይላል፣ ሌላው ይቀየማል፣ ኮዱ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ሲአይ ለኛ ያደረገው ትልቁ ውለታ እዚህ ላይ ነው። «አይሠራም» የሚለውን ማሽኑ ይናገራል። ማሽኑ ለእኔ ኮድም ለጀማሪው ኮድም አንድ ዓይነት ነው። እኔና ልጁ ጎን ለጎን ሆነን «ለምን ቀላ?» ብለን እንመረምራለን።

ምሳሌ ልስጣችሁ። የምወደው ቴስታችን የጥምቀት ቴስት ነው። ጥር 11 ቀን 2017 ሲገባለት ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ብሎ መመለስ አለበት። ጥር 11 ቀን 2016 ሲገባለት ግን ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ማለት አለበት። ምክንያቱም 2015 ጳጉሜ ስድስት ቀን ስለነበራት የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪ ኮዱን ላሳጥረው ብሎ መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ አሰረው። ቀይ! የወደቀው የ2016ቱ ጥምቀት ብቻ ነበር። ማንም ምንም ሳይለው ራሱ አየው፣ ራሱ አስተካከለው። ጎንደር የተሠራ ላይብረሪ ጥምቀትን በአንድ ቀን ቢያሳስት በምን ዓይናችን ፋሲለደስ መዋኛ እንሄዳለን?

ሌላው የሌሊቱ ጉዳይ ነው። ይሄ በጣም አስተምሮኛል። «ዛሬ ስንት ነው?» የሚለውን የሚፈትን ቴስት ነበረን። ቀን ቀን ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው። አንድ ልጅ መብራት የመጣለት ሌሊት ስለነበር ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ኮዱን ላከ። ቀላበት። እሱ የነካው ደግሞ ሌላ ፋይል ነው! ነገሩ ሲጣራ የሰርቨሩ ሰዓት ዩቲሲ የሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፣ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ። እኛ ጋ እኩለ ሌሊት አልፎ ቀኑ ተቀይሯል፣ እዚያ ገና ትናንት ነው። ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊት 9 ሰዓት ድረስ ብቻ የሚታይ ስሕተት ማለት ነው። አሁን የሰዓት ቀጠናውን በግልጽ እንጽፋለን፣ አዲስ አበባ ብለን። ስሕተቱ የላፕቶፖቻችን ሰዓት በኢትዮጵያ ሰዓት ስለተሞላ ነው ተደብቆ የኖረው። ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ላይ የሚጠቀምበት ሰው ግን በየሌሊቱ ያገኘው ነበር።

ስትጀምሩ ሰርቨሩ ምን እንደሚያስኬድ የሚነግር አንድ ፋይል ነው የምትጽፉት፣ ያምል በሚባል የአጻጻፍ ስልት። በታብ ሳይሆን በስፔስ ነው የሚደረደረው። ቴስቱ የሚሄድባቸውን የፓይተን ቨርዥኖች ስትጽፉ እያንዳንዱን ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት። አለዚያ 3.10ን እንደ ቁጥር ያነበውና 3.1 ያደርገዋል። ከዚያ ኡቡንቱ ከሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ጎን ዊንዶውስንም ጨምሩ፣ አደራ። እዚህ አገር ስንት ቢሮ ነው ዊንዶውስ የሚጠቀመው! የወሮቻችን ስም የተጻፈበት ፋይል ኡቡንቱ ላይ ያለችግር ሲነበብ ዊንዶውስ ላይ ወድቋል። ፋይሉ ሲከፈት ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ የተጻፈ መሆኑ ካልተነገረው ፓይተን የዊንዶውሱን የራሱን አነባበብ ይወስዳል፣ ፊደላችንም ይበላሻል። የአንድ መስመር ማስተካከያ ነው። ይህን ሁሉ ቨርዥን በየላፕቶፓችን እንጫን ብንል የሞባይል ዳታችን አይችለውም ነበር። ሰርቨሩ በራሱ ኢንተርኔት ያወርደዋል።

ኅዳርን በኀ፣ በሀ፣ በሐ የሚጽፍ አለ። ሦስቱንም እንዲቀበል የሚፈትን ቴስት የጻፈችልን አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት። የመጀመሪያ ሥራዋ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ለፕሮጀክቱ አዲስ የሆነ ሰው ከውጭ ኮድ ሲልክ ጊትሀብ ቴስቱን ወዲያው ላያስኬደው ይችላል። የፕሮጀክቱ ባለቤት ገብቶ እንዲፈቅድ ይጠብቃል። ተገቢ ጥንቃቄ ነው፣ ማንም የማያውቀውን ኮድ ዝም ብሎ አያስኬድም። ግን የመፍቀጃው ቁልፍ ሳይነካ አንድ ሳምንት ከቆየ ልጅቷ አረንጓዴም ቀይም አታይም። ናቁኝ ብላ ትሄዳለች። ስለዚህ ማታ ማታ ኮዱን አነበውና፣ ደኅና ከሆነ እፈቅዳለሁ። ለእርማት ጊዜ ባይኖረኝም ቴስቱ እንዲሄድላት ግን አደርጋለሁ።

ዛሬም የሚጠብቀኝ አንድ አለ፣ ስለ ጳጉሜ ነው። እሱን ላየው ነው የምሄደው። ቸር እንሰንብት።