ፓርክ ያልተባለው ጓሳ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራችሁ። ወሬዬም ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስላለው የደጋ ሣር ሜዳ፣ ስለ መንዝ ጓሳ ነው።

ብሔራዊ ፓርክ ሲባል ሰው ቶሎ የሚጠራው ሰሜን ተራሮችን ነው፣ ባሌን ነው፣ አዋሽን ነው። እኛ የሰሜን ሸዋ ልጆች ደግሞ ጓሳን ደጃችን ላይ አስቀምጠን ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት ጎንደር ድረስ እንሄዳለን። ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ጣርማበር ላይ ወደ መሐል ሜዳ ከታጠፋችሁ መንገዱ ራሱ ይዟችሁ ይገባል።

በሕጉ ጓሳ ብሔራዊ ፓርክ አይደለም፤ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው የሚባለው። ጥበቃውን የጀመረው የመንዝ ገበሬ ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። አስቦና ገራ የሚባሉ ሁለት አባቶች መሬቱን በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉት ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሜዳው ለዓመታት ይዘጋ ነበር። አምስት ዓመት ድረስ ሊቆይ ይችል ነበር። ሣር ማጨድ የለ፣ ከብት ማሰማራት የለ። ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣ ነበር።

ይህን ሁሉ ያደረጉት ለቀይ ቀበሮ አዝነው አይመስለኝም። ለሣሩ ነው! ጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳም ከሱ ይሠራል። እስቲ ስትሄዱ አንዷን ዘለላ ለመበጠስ ሞክሩ፤ ጣታችሁን ትቆርጣለች እንጂ እሷ ንቅንቅ አትልም። በሣሩ መሐል ስትራመዱ ደግሞ መሬቱ በአይጥ ጉድጓድ ተበሳስቷል፤ እግር ይጠልፋል። ሸበጥ ጫማ አድርጋችሁ እንዳትሄዱ።

ቀይ ቀበሮውን የሚያኖሩት እነዚያ አይጦች ናቸው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ያሉትም እኛው አገር ብቻ ነው። ጓሳ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ቀበሮው የጭላዳ መንጋ መሐል ገብቶ አይጥ ያድናል። ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ይቀመጣሉ፣ እሱ ቀስ ብሎ በመሐላቸው ያልፋል። ግልገሎቻቸውን አብዛኛውን ጊዜ ስለማይነካ አይሸሹትም። ተመራማሪዎች ቆጥረውት፣ መንጋ ውስጥ ሆኖ ሲያድን 67 ከመቶ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 ከመቶ ብቻ። እኔ ከሩቅ ያየሁት ቀበሮ ግን ምንም ሳይዝ ነው የሄደው። ካልተሳካላቸው ወገን መሆኑ ነው።

ቀሮ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ። ሆኖም የአካባቢው ሰው እንደገና ተደራጅቶ ጥበቃውን በራሱ ምክር ቤት ቀጠለበት። ለእንግዳ የሚሆን የማኅበረሰብ ሎጅም አለ።

አሁን የሚያሳስበኝ ቆርቆሮው ነው። በየመንደሩ የሣር ክዳን እየወረደ ቆርቆሮ እየተመታ ነው። ማንም ቢሆን ከሚያፈስ ሣር ቤት ቆርቆሮ ቢመርጥ አልፈርድበትም፤ እኔም ያደግሁት ቆርቆሮ ሥር ነው። ግን ሜዳውን ያስጠበቀው የሣሩ ጥቅም ነበር። ያ ጥቅም ሲቀንስ ገበሬው ለምን ብሎ ነው በጎቹን ከዚያ ሁሉ ግጦሽ የሚከለክለው? የገብስ ማሳውስ ለምን ወደ ላይ አይገፋም? ለዚህ ነው የጎብኚ ገንዘብ ቀላል ነገር አይደለም የምለው። እዚያው ማደር፣ አስጎብኚውን ከዚያው ሰፈር መያዝ፣ ባና፣ ማለትም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የሚሸጥ ካገኛችሁ መግዛት። ከአዲስ አበባ ውኃና ብስኩት ጭኖ ሄዶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ፌስታሉን ጥሎ የሚመለሰው ሰው ለመንዝ ምን ጠቀመ? ብስኩቱን ለጭላዳ የሚወረውረውማ... ተዉት፣ እሱን ካነሳሁ አላቆምም።

ለመሄድ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ሥፍራው ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና ወፍራም ልብስ ያዙ፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጩ አይጣል ነው። ጭላዳ ለማየት ማለዳ ገደሉ ጫፍ ላይ ጠብቁ። የሚያድሩት ገደሉ ላይ ስለሆነ ፀሐይ ሲሞቃቸው ይወጣሉ።

በሚቀጥለው ክፍል ወደ ወፍ ዋሻ ደን እንወርዳለን። የመናገሻ ሱባ ደን ዘር በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከዚያ ተወስዶ ነው የተተከለው ይባላል። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።